ባሕርን ሌት ተቀን የሚጠብቅ መሣሪያ

ወደ ደጋው ገበሬ ማሳ የሚጓዘው ማዳበሪያ አብዛኛው አስቀድሞ የሚያርፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። ስለዚህ የዚያ ባሕር ደኅንነት የዓሣ አጥማጁ ብቻ ሳይሆን የደገኛውም ጉዳይ ነው።

ለዚህም በ1994 ዓ. ም. የደረሰው አደጋ ምስክር ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚሆነውን እንጨት ከምስጥና ከብስባሴ ለመጠበቅ ከእንግሊዝ አገር ወደ ኢትዮጵያ የተጫነ መድኃኒት፣ በጅቡቲ ወደብ ሳለ ከፕላስቲክ ዕቃዎቹ አፈትልኮ መሬቱን በከለ። በመድኃኒቱም ውስጥ መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ ነበሩበት።

መዳብ በጥቂቱ ለሕይወት የሚያስፈልግ ሲሆን ሲበዛ ግን መርዝ ይሆናል። በንጹሕ ውቅያኖስ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገኘው መዳብ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 ማይክሮግራም አይበልጥም። አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለባሕር ፍጥረታት በዘላቂነት የፈቀደው ልክ 3.1 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህል ልዩነት ዓይን አያየውም፤ ምላስም አይለየውም።

ቀድሞ የነበረው ዘዴ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ ነው። ነገር ግን ጠርሙሱና የቀጂው እጅ ራሳቸው ውሃውን ሊበክሉት ይችላሉ። ከዚህም ሌላ፣ በሁለት ቅጂ መካከል የፈሰሰ መርዝ ሳይታወቅ ያልፋል።

በ1990ዎቹ እ. ኤ. አ. የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ባሕር ውስጥ ሆኖ በራሱ የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው ከጠጉር በቀጠነና ሜርኩሪ በተቀባ ጫፉ ላይ በደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ብረታ ብረቱን ይሰበስባል። ከዚያም ኃይሉ ቀስ በቀስ ሲለወጥ፣ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ እርሳስና መዳብ እያንዳንዳቸው በየተራቸው ይለቃሉ። ሲለቁ የሚታየው የኤሌክትሪክ ፍሰት ብዛታቸውን ይናገራል። ለአርሴኒክ ግን የወርቅ ጫፍ ይመረጣል።

ይሁንና እንደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ባለ ሞቃት ውሃ አልጌና ዛጎል ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት መሣሪያውን ቶሎ ይሸፍኑታል። ይህን ለመከላከል የተለመደው የመዳብ ሽፋን፣ መዳብ በሚለካበት ቦታ ልኩን ስለሚያሳስት ሊያገለግል አይችልም። ስለዚህ የሚያጸዳውና ልኩን የሚያስተካክል የሠለጠነ ባለሙያ አያሻውም ማለት አይደለም። አደጋ ቢያመለክትም በላቦራቶሪ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2013 ዓ. ም. በዶራሌ የተመረቀው ጨው ማስወገጃ ጣቢያ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ውሃ ከባሕር አጣርቶ ለከተማው እንዲያቀርብ የተሠራ ነው። እንግዲህ ባሕሩ ለከተማው ሕዝብ የዓሣ ቤት ብቻ ሳይሆን የውሃ እንስራውም ሆኗል። እንስራውን ከመሙላት በፊት ውስጡን ማየት የጥንቁቅ ቤተሰብ ልማድ ነው፤ የፈሰሰ መርዝም ሳይስፋፋ በጊዜው ከታወቀ፣ አበው እንደሚሉት፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይሆናል።