አየር የተራበ ሞተር፦ ናይትረስ ወይስ ተርቦ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለንደን ውስጥ በመናፈሻ ዳር የሚሄድ ሰው አውራ ጣት የሚያካክሉ ብርማ ጠርሙሶች ሳይረግጥ አያልፍም ነበር። እያንዳንዳቸው 8 ግራም ናይትረስ ኦክሳይድ ይይዛሉ። የተሠሩት ለክሬም መምቻ ነው፤ ወጣቶች ግን ጋዙን በፊኛ እየሞሉ ይስቡት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 8 ቀን 2023 ጀምሮ ናይትረስን ከአደገኛ ዕፆች ሦስተኛ ምድብ ውስጥ አስገባው። ለሕክምና፣ ለምግብ ሥራና ለመሳሰለው ሕጋዊ አገልግሎት መያዝ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ለመሳብ ብሎ መያዝ ነው።

ይህን ያነሳሁት የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደውሎ "ጋሼ፣ ናይትረስ ላስገጥም ነው" ስላለኝ ነው። ልቤ ቀጥ አለ። መኪናው ላይ መሆኑን ሲነግረኝ ትንሽ ተነፈስኩ፤ ትንሽ ብቻ። ልጁ 22 ዓመቱ ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፣ ቅዳሜና እሑድ ምግብ ያደርሳል። መኪናው የ2007 ቶዮታ አይጎ ናት። እንጀራው በእሷ ላይ ነው። ሞተሯ ቢሰበር የሚሰበረው ሞተር ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራዩም አብሮ ነው።

የአይጎ ሞተር ለአዲስ አበባ አንባቢዎቼ እንግዳ አይደለም። 1ኬአር የሚባለው ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 998 ሲሲ ሞተር ነው፤ ከ2005 ወዲህ በተሠሩት ባለ አንድ ሊትር ቪትዞች ውስጥ ያለው ይኸው ቤተሰብ ነው። ጉልበቱ 68 ፈረስ ገደማ ነው። ቀላል፣ ቆጣቢና ታታሪ ሞተር ነው፤ ግን ለእሽቅድምድም ብሎ የሠራው የለም።

ሁለቱም መንገዶች የሚፈቱት ችግር አንድ ነው፦ ኦክስጅን። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ የሚያቃጥለውን አየር ማግኘት ነው ከባዱ። በአማርኛ "ተርቦ" የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም መያዙ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ተርቦ የሚገጠምለት ሞተር በእርግጥም አየር የተራበ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሞተሩ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ አንድ ሊትር ያህል አየር ይስባል። በደቂቃ 5,000 ዙር ሲሽከረከር 2,500 ጊዜ ማለት ነው። ሲሊንደሮቹ 85 በመቶ ይሞላሉ ብንል፣ በሰከንድ ወደ 42 ግራም አየር ይገባል። ከዚህ ውስጥ ኦክስጅኑ በክብደት 23 በመቶ፣ ማለትም 10 ግራም ገደማ ነው። ከ68 ፈረስ ላይ 25 ለመጨመር፣ ኦክስጅኑም ከሲሶ በላይ፣ ወደ 3.6 ግራም መጨመር አለበት።

ናይትረስ ኦክሳይድ በክብደቱ 36 በመቶ ኦክስጅን ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል። ስለዚህ 25 ፈረስ ለማግኘት በሰከንድ 10 ግራም ናይትረስ ይበቃል። መንገድ ላይ ይረገጡ ከነበሩት ጠርሙሶች አንዱ ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል ማለት ነው! በመኪና ኪት ውስጥ የተለመደው 4.5 ኪሎ የሚይዝ ጠርሙስ ደግሞ ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሰጣል። ከዚያ ወርዶ ማስሞላት ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ "ሰባት ደቂቃማ ብዙ ነው" አለኝ። እውነት ብሏል። ቤድፎርድሺር ውስጥ፣ ከለንደን በስተሰሜን ባለው ሳንታ ፖድ የሩጫ ሜዳ ማንም ሰው የራሱን መኪና ይዞ ሩብ ማይል የሚሮጥባቸው ቀናት አሉ። ትንሽ መኪና ያንን ርቀት ለመጨረስ ሃያ ሰከንድ ቢፈጅባት ነው። ለዚያ ዓይነት ቀን ናይትረስ ብልህ ምርጫ ነው፦ ርካሽ ነው፣ ቦታ አይዝም፣ ማብሪያው ካልተነካ መኪናዋ የድሮዋ መኪና ናት። በዚያ ላይ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዘዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ከፍታ ላይ ጉልበት ሲያጡ የሚያግዛቸው ይኸው ጋዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዞችም በአንዳንድ ሞስኪቶ የሌሊት ተዋጊዎች ላይ ገጥመውታል።

ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ እዚህ ጋ ፕሮግራመሮች ጆሯችሁን ስጡኝ። የአይጎ ኢሲዩ ናይትረስ የሚባል ነገር አያውቅም። የአየሩን ግፊትና ሙቀት ለክቶ፣ ለዚያ የሚመጥን ቤንዚን ይረጫል። በጎን በኩል ኦክስጅን ሲገባበት ሠንጠረዡ ውስጥ ያ ቁጥር የለም። ስለዚህ ኪቱ ራሱ ተጨማሪ ቤንዚን መርጨት አለበት። ናይትረሱ ገብቶ ቤንዚኑ ካነሰ፣ እሳቱ ከልክ በላይ ይግልና መጀመሪያ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ፒስተኑን ያቀልጣል። ይህ በሰከንዶች ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ መልእክት የሚያሳይ፣ "ድጋሚ ይሞክሩ" የሚል የለም።

ሌላም አለ። የጠርሙሱ ግፊት ከአየሩ ጠባይ ጋር ይለዋወጣል። በ20 ዲግሪ ሙቀት 50 ባር ገደማ የነበረው፣ በለንደን የጥር ጠዋት በ5 ዲግሪ ወደ 35 ይወርዳል። በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ናይትረስ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ግን አይቀንስም። ለዚህ ነው ጠንቃቆቹ የጠርሙስ ማሞቂያ የሚገጥሙት። ከ3,000 ዙር በታች ከተለቀቀ ደግሞ ድንገተኛው ግፊት ቢዬላ ሊያጣምም ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ኪት የሚከፈተው ጋዙ እስከ ታች ሲረገጥ፣ ዙሩም ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለት "ከሆነ" ማለት ነው፤ አንዱን የረሳ ሞተር ያወርዳል።

ተርቦ ጨዋታው ሌላ ነው። ከማርሚታው በከንቱ የሚወጣውን ጭስ ተጠቅሞ ትንሽ መንኮራኩር ያሽከረክራል፤ መንኮራኩሩ አየር ይጨምቃል። አያልቅም፣ አይሞላም። ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት አስመዝግቧል። በትንሽ ሞተር ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ፣ ከለንደን ምሥራቅ ኤሴክስ ውስጥ በዳንተን የፎርድ መሐንዲሶች የሠሩበትን የአንድ ሊትር ኢኮቡስት ይመልከት። እንደ አይጎ ሦስት ሲሊንደር፣ 999 ሲሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ግን ከፍተኛው ዓይነት 125 ፈረስ ይሰጥ ነበር። ተርቦው በደቂቃ እስከ 248,000 ዙር ይሽከረከራል።

ይህን የሰማ ሰው "እንግዲያው ተርቦ እናስገጥማ" ይላል። ቀስ! ፎርድ ያንን ሞተር ከመጀመሪያው ለተርቦ ነው የሠራው። ቶዮታና ዳይሃትሱም ይኸው 1ኬአር ላይ ተርቦ ጨምረው ራይዝ በምትባለው መኪና ላይ 98 ፈረስ አውጥተዋል፤ ግን የሞተሩን የመጭመቅ መጠን ዝቅ አድርገው፣ ኢሲዩውን አብረው ጽፈው ነው። የልጁ አይጎ መጠኑ 10.5 ለ1 ነው። በዚያ ላይ የታመቀ አየር ሲጨመር ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ መዶሻ እንደሚመታው ብረት ያንኳኳል። ይህን ለማስቀረት አዲስ የጭስ መውጫ፣ የዘይት መስመር፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ትልልቅ ኢንጀክተር፣ የተሻለ ፍሪሲዮን፣ በላዩም የኢሲዩ ሶፍትዌር እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ሲደመር ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። የልጁ ቁጠባ ለዚህ አይደርስም፤ የሚደርሰው ለናይትረስ ኪት ብቻ ነበር። ለዚህም ነው ናይትረሱ ያማረው።

ለንደን የራሷ ጣጣ አላት። ማንኛውንም ለውጥ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ማሳወቅ ግድ ነው፤ ሳይነግር የነዳ ሰው አደጋ ቢያደርስ ሊከፈልለት አይችልም ይሆናል። በዓመታዊው ምርመራ ጭሱ ይለካል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ የጭስ ደንቡ ለንደንን በሙሉ ይሸፍናል፤ ደረጃውን ያላሟላ መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። የ2007 አይጎ ደረጃውን ታሟላለች። ይህ ራሱ ሀብት ነው፤ በእጅ ያለ ወርቅ የሚባለው።

ክርክሩ ሲበዛ አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ "ለመሆኑ ጋዙን እስከ ታች የምትረግጠው በሳምንት ስንት ሰከንድ ነው?" መልስ አልነበረውም። ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ ገዝተን፣ በፓይተን ጥቂት መስመር ጻፍንና የዙሩን ብዛት፣ የአየሩን ግፊትና የጋዝ መርገጫውን ቦታ ለአንድ ሳምንት መዘገብን። ስሞቹን በአማርኛ ማድረግ የሱ ሐሳብ ነበር፤ ግራፉ ላይ "ግፊት" የሚለው ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ሲወጣ ፎንት ፍለጋ ያጠፋነው ጊዜ ከኮዱ ይበልጣል። ውጤቱ? በሙሉ ሳምንት ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። እሱም የአውራ ጎዳና መግቢያዎች ላይ ነው። በቀረው ጊዜ መኪናዋ ወይ በ20 ማይል ትሳባለች፣ ወይ መብራት ላይ ቆማለች። ካንዴላና የአየር ማጣሪያ ቀይሮ፣ ኪቱን ትቶ፣ ገንዘቡን ከፋብሪካው ተርቦ ይዛ ለምትወጣ መኪና ማጠራቀም ጀምሯል። እኔ ብሆንም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ሊሰበር የሚችል ሁለተኛ መኪና ያለው ሰው ግን ናይትረሱን ቢሞክር አልፈርድበትም።

ግራፉን እያየን ሳለ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ለንደን ውስጥ ጋዙ እስከ ታች ሲረገጥ ግፊቱ ወደ 100 ኪሎፓስካል ይጠጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ራሱ ያለው 76 ገደማ ነው። ያው ሞተር እዚያ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 68 ፈረስ የነበረው ወደ 51 ይወርዳል። የቪትዝ ነጂ ሽሮ ሜዳን ሲወጣ ማርሽ የሚቀንሰው በመኪናው ድክመት አይደለም። እዚያ ላይ ሩብ ባር ብቻ የሚጨምቅ ተርቦ፣ ለንደን በነፃ የምትሰጠውን አየር መመለሱ ነው። ናይትረስ ደግሞ ኦክስጅኑን ከጠርሙስ ስለሚያመጣ ከፍታው አይነካውም፤ ያው 25 ፈረስ እንጦጦ ላይም 25 ፈረስ ነው።

ማንበቢያውን አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሙ በሰው እጅ ልከንለታል። ከፒያሳ ተነስቶ እንጦጦ ማርያም ድረስ በቪትዙ ይወጣል፤ ፋይሉን በቴሌግራም ሲልክልን ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አወጣቸዋለሁ።