የሕዝብ አስተያየት በመሥሪያ ቤት መመሪያ ላይ ስላለው ኃይል

መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማጽደቁ አስቀድሞ የሕዝቡን አሳብ መጠየቁ ለወጉ ያህል ነውን፥ ወይስ መመሪያውን በእርግጥ ይለውጠዋል? ጥያቄው በማሻ ላለ ሰው የሩቅ ነገር አይደለም። ቡናው፥ ማሩና ኮረሪማው የሚገኙት ከደን ነውና፥ ስለ ደን የሚጻፍ አንድ አንቀጽ የብዙ ቤት ኑሮ ይነካል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 እንዳዘዘው፥ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ረቂቅ መመሪያውን ለሕዝብ አስታውቆ አስተያየት ይቀበላል። ሥርዓቱን ሳይጠብቅ የወጣ መመሪያም በፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊከለስ ይችላል። ነገር ግን መስማት ግዴታ ሆነ እንጂ መቀበል ግዴታ አልሆነም።

አሜሪካ ይህን የመሰለ ሕግ በ1946 እ.ኤ.አ. አውጥታለችና የዚያን አገር ነገር መመልከት ይጠቅማል። የእርሻ ሚኒስቴሯ በ1997 እ.ኤ.አ. ያለ ኬሚካል ተመረተ ተብሎ ስለሚሸጥ ምግብ ረቂቅ ደንብ ባወጣ ጊዜ ከ275,000 የሚበልጥ አስተያየት ደረሰው። ረቂቁ በዘረ መል ምሕንድስና የተለወጠ ዘርን፥ በጨረር የታከመ ምግብንና ለማዳበሪያ የሚውል የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭን ሳይከለክል ትቶ ነበር፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ደንብ ግን ሦስቱንም ከለከለ። ብዛት ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይረዳም። በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ኢንተርኔት አገልግሎት ከደረሰው 22 ሚሊዮን ያህል አስተያየት ውስጥ ወደ 18 ሚሊዮን የሚሆነው የሐሰት ሆኖ በምርመራ ተገኝቷል።

ረቂቅ የሚጽፈው ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር የያዘ ቃል ግን፥ ከአንድ ገበሬ እንኳ ቢመጣ፥ ይመዝናል። በሸካ ደን ውስጥ ቆቦ የሚባል የቤተሰብ ይዞታ አለ፤ ባለ ቆቦው ቀፎውን በዛፍ ላይ ይሰቅላል፥ ማሩን ይቈርጣል፥ ሌላ ሰውም ያለ ፈቃዱ አይገባበትም። ለካርታ አንሺ ባዶ ጫካ የሚመስለው ስፍራ እንዲህ ባለቤት አለው። «ደናችን አይነካብን» ብሎ መቶ ሰው ከሚፈርምበት ወረቀት ይልቅ፥ የትኛው ቆቦ በየትኛው ወንዝ ማዶ እንዳለ፥ ቀፎ ሰቃዩም ዛፉን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚገልጽ አንድ ገጽ አንቀጹን ለማሻሻል ይቀርባል።

ችግሩ ማስታወቂያው በጋዜጣና በኢንተርኔት መውጣቱ ነው፤ ቀፎ ሰቃዩ ሁለቱንም አያይም፥ ረቂቁም በሸኪኖኖ አልተጻፈም። ስለዚህ የወረዳ አስተዳዳሪ ረቂቁን ገና ቀኑ ሳያልፍ በገበያና በዕድር አስነብቦ፥ የተባለውን እንደ ተነገረ አስጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ቢልክ፥ ቢሮ ተቀምጦ «ሕዝቡ ደግፏል» ከሚል ደብዳቤ ይሻላል። አስቀድሞ ግን ረቂቁ የማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ አዋጁ የሚገዛው የፌዴራሉን መሥሪያ ቤቶች እንጂ የክልል ቢሮዎችን አይደለምና።