ጣሪያው የማን፣ ሒሳቡ የማን? የፀሐይ ኃይል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች

ከ2010 ወዲህ የሶላር ፓነል ዋጋ ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ዛሬ አንድ ኮሌጅ ጣሪያውን በፓነል ለመሸፈን ሲነሣ ዋናው ጭንቀቱ የፓነሉ ዋጋ አይደለም። ኢንቨርተሩ፣ ሽቦው፣ የብረት ማቀፊያው፣ የሠራተኛው ድካም ሁሉ ዋጋ አለው። ከባዱ ነገር ግን ገንዘቡ ዛሬ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ጥቅሙ በሃያ ዓመት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ መመለሱ ነው። የመብራት ሒሳብ በየወሩ መክፈል የለመደ የፋይናንስ ክፍል የሃያ ዓመቱን ዛሬ ክፈል ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም። ርካሽ ሶላር ማለት እንግዲህ በአብዛኛው ርካሽ ብድርና የተጠና ውል ማለት ነው።

ግቢው በራሱ ለሥራው የተመቸ ነው። ሰፋፊ ጣሪያ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ አንዳንዴም ባዶ መሬት አለው። ቢሮውና ላቦራቶሪው የሚሠሩት ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ነው፤ ተቋሙም ነገ ዕቃውን ጠቅልሎ የሚሄድ ተከራይ አይደለም። አንድ ኪሎዋት ፓነል አምስት ስድስት ካሬ ሜትር ይበቃዋል። ጣሪያው ግን ያላረጀ መሆን አለበት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለጣሪያ ጥገና ሲባል ፓነሉን ሁሉ አውርዶ መልሶ መስቀል የታሰበውን ቁጠባ ይበላል።

የውል ብልሃቱ በብዛት የተፈተነው በአሜሪካ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በሶላር ላይ ገንዘብ ለሚያፈስ ባለሀብት ከ2006 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የወጪውን 30 በመቶ ከግብሩ ላይ ሲቀንስለት ኖሯል። አብዛኞቹ ኮሌጆች ግን ግብር አይከፍሉም፤ ከማይከፈል ግብር ላይ ምን ይቀነሳል? ስለዚህ ሦስተኛ ወገን ገባ። ኩባንያው ፓነሉን በራሱ ገንዘብ ግቢው ውስጥ ይተክላል፣ ባለቤቱም እሱ ነው፣ የግብር ቅናሹንም እሱ ይወስዳል። ኮሌጁ የሚከፍለው ለሚወስደው ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሲሆን ዋጋው ለ20 ወይም ለ25 ዓመት አስቀድሞ ይቆረጣል። ኢንቨርተር ቢቃጠል የኩባንያው ራስ ምታት ነው። ብዙዎቹ ውሎች ዋጋው በየዓመቱ በትንሽ መቶኛ እንዲያድግ ይፈቅዳሉ፤ በጥንቃቄ መነበብ ያለባትም ይህቺ አንቀጽ ናት። በዓመት 3 በመቶ የሚያድግ ዋጋ በ20 ዓመት ውስጥ ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል።

ጣሪያ የማይበቃው ተቋም ሩቅ ካለ የፓነል ማሳ ኃይል ይገዛል። ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርባት በዋሽንግተን፣ ጆርጅ ዋሽንግተንና አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ከጆርጅ ዋሽንግተን ሆስፒታል ጋር ሆነው በ2014 ከሰሜን ካሮላይና የ52 ሜጋዋት ያህል ጣቢያዎችን ኃይል ለ20 ዓመት ለመግዛት ተዋዋሉ። በካሊፎርኒያ ያለው ቢዩት ኮሌጅ በአንጻሩ በራሱ ግቢ 25 ሺህ ያህል ፓነል ተክሎ በ2011 ከሚጠቀመው በላይ ማመንጨት ጀመረ። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፓነሎቹን በመኪና ማቆሚያዎች ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀላቸው፤ በበረሃው ሙቀት ለሚጋገረው መኪና ጥላው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ጉዳይ አለ። ከእያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት ጋር «ይህ ከፀሐይ የተገኘ ነው» የሚል የምስክር ወረቀት አብሮ ይወጣል፤ ወረቀቱም ለብቻው ይሸጣል። ወረቀቱን ለሌላ ሸጦ በብሮሹሩ ላይ «በፀሐይ እንሠራለን» የሚል ኮሌጅ አንዱን በሬ ሁለት ገበያ ያወጣ ነጋዴ ነው።

በአሜሪካ በ2022 የወጣው ሕግ ግብር የማይከፍሉ ተቋማትም የግብር ቅናሹን በጥሬ ገንዘብ እንዲቀበሉ ፈቀደ፤ ኮሌጁ ራሱ ባለቤት መሆን አዋጣው። ሆኖም በ2025 የወጣው ሕግ ጊዜውን አሳጠረ፦ እስከ ጁላይ 4፣ 2026 ግንባታ ያልጀመረ ፕሮጀክት እስከ 2027 መጨረሻ አገልግሎት ካልጀመረ ጥቅሙ ይቀርበታል።

በአፍሪካ ሒሳቡ ሌላ ነው። ናይሮቢ ያለው ስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ በ2014 በዝቅተኛ ወለድ ብድር 600 ኪሎዋት በጣሪያዎቹ ላይ ተከለ፤ ትርፉንም ለአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ለመሸጥ ተዋዋለ። የናይጄሪያው መርሐ ግብር ግን ከዚህ በጣም ይሰፋል። የገጠር ኤሌክትሪክ ኤጀንሲው በመጀመሪያው ዙር ዘጠኝ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎችንና አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ያዘ፤ ለቀጣዮቹ ዙሮች የዓለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ መጣ። በ2019 በካኖ የሚገኘው ባዬሮ ዩኒቨርሲቲ 7.1፣ የንዱፉ አሊኬው አሌክስ ኤክዌሜ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 2.8 ሜጋዋት ሶላርን ከጀነሬተር ጋር ያጣመረ ጣቢያ ተመረቀላቸው። በእነዚህ ግቢዎች ሶላሩ የሚፎካከረው ከናፍጣ ጋር ነው። ናፍጣ ደግሞ ውድ ነው፣ ይጮሃል፣ ይሰረቃልም። በኤፕሪል 2024 የተሻለ አቅርቦት የሚያገኙ ደንበኞች ታሪፍ ከ68 ገደማ ወደ 225 ናይራ ሲዘል የዩኒቨርሲቲዎች ሒሳብ በአንድ ጊዜ ናረ፣ ሶላር ያለውና የሌለው ግቢም ተለየ። እኔን የሚያሳስበኝ ከምረቃው ቀን በኋላ ያለው ነው። መንግሥት የሰጠውን ጣቢያ የሚጠብቀው፣ ባትሪ ሲደክም የሚተካው በየትኛው የበጀት ርዕስ ነው? በአሜሪካ የሽያጭ ውል ውስጥ ይህ ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው ባለቤት አለው፤ በስጦታ በመጣ ፓነል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ባለቤት የለውም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኤሌክትሪካችን ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ ነው፤ ታሪፉም ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። ስለዚህ ሶላርን ከወርሃዊ የመብራት ሒሳብ ጋር አወዳድሮ «ያዋጣል» ማለት ይከብዳል፤ ዕቃው የሚገባውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ትክክለኛው ንጽጽር መብራት ሲጠፋ ከሚነሣው ጀነሬተር ጋር ነው። አንድ የሚያግዘን ነገርም አለ። በአሜሪካ ፀሐይዋ በምትበረታበት የበጋ ወራት ግቢው ባዶ ነው፤ የእኛ ረጅም ዕረፍት ግን ደመናው በሚከብድበት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል፣ የክረምት ተማሪዎች የሚገቡባቸውን ግቢዎች ሳንቆጥር። ችግሩ የቀኑ ሰዓት ነው፦ ዶርም የሚሞላው ማታ ነው፣ የተማሪ ካፌ የኤሌክትሪክ ምጣድ እያንዳንዱ ሦስት አራት ኪሎዋት ይስባል። ይህን ሁሉ በባትሪ ልሸከም የሚል ዕቅድ ገና በወረቀት ላይ ይሰበራል።

ጀነሬተሩ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቦታዎች ሲባል ነው፦ ለክሊኒኩ፣ ለሰርቨር ክፍሉ፣ ለላቦራቶሪ ማቀዝቀዣዎች፣ ለውሃ ፓምፑ። እነዚህን ለይቶ በራሳቸው መስመር ላይ ማሰር መላውን ግቢ ከመሸፈን ብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ የጨረታ ሰነዱም ከአሥር ዓመት በኋላ የሚቀየረውን ኢንቨርተር ዋጋ ከወዲሁ ማስገባት ይችላል። ፓምፑማ ባትሪም አያሻውም፤ ቀን የሳበው ውሃ ታንከር ውስጥ ያድራል።