ዋርካን የመሰለ አዳራሽ



የሕዝብ አዳራሽ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለስብሰባ ተከፍቶ ወዲያው የሚዘጋውን ቤት ነው። አባቶቻችን ግን ሸንጎውን ከዋርካ ሥር ያደርጉ ነበር፤ ዋርካ ጥላና ነፋስ ይሰጣል፤ ለማንም አይዘጋም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ የተሠራው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቆመው 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ነው። መተማ ግን ከ1,000 ሜትር በታች የሆነ ቆላ ስለሆነ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የደጋውን ፕላን እንዳለ ወደዚያ ማውረድ ሕዝቡን ከምድጃ ውስጥ ማስቀመጥ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፤ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር፤ የጧትና የማታ ፀሐይ የሚያርፈው በጠባቡ ጎን ብቻ ይሆናልና። ሁለተኛ፤ ጣሪያው ከፍ ይበል፤ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይሠራለት፤ በመካከላቸው ነፋስ ይለፍ። ሦስተኛ፤ ዋልካ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ መሠረቱ ጠልቆ ይጣል። አራተኛ፤ በረንዳው ሰፊ፣ ውሃውም ቅርብ ይሁን።

በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ማረፊያ ይሻል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል። እንዲህ ያለው እንግዳ አስቀድሞ የሚፈልገው ጥላና ውሃ ነው።

ስለዚህ ፕላን የምትመረምሩና የምትፈርሙ ሁሉ፤ ከመድረኩ ስፋት አስቀድማችሁ ተራ ጠባቂው የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ።