የትኛው ጥድ ወፍ ያበላል?
የክረምት ጉዞ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችንን ምን እናስይዛቸው የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። የገጠሩ ልጅ እንኳ እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም፤ አረሙና ከብት ጥበቃው ይጠብቁታል። ጥያቄው ይበልጥ የከተማው ነው። በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ገንዘብ የማያስወጣ መልስ ከደጃቸው አለ፤ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ጥዱ ገብቶ ወፍና ቢራቢሮ ማየት ነው። እኛም ልጆች አስከትለን ያየነውን እናካፍላችኋለን።

አገሩ ለዚህ የተመቸ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ በአንድ ወገን፣ የአባይና የበሽሎ ሸለቆዎች በሌላ ወገን ሆነው መሐል ላይ ያለ አገር ነው። የቻይና መንገድ እየተባለ በሚጠራው በወረታና በወልድያ መንገድ ነፋስ መውጫ ላይ ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው፣ ወደ ስማዳ ቆላ ቢወርድ በዚያው ቀን ላብ ያጠምቀዋል። ብርዱና ሙቀቱ እንዲህ ሲቀራረቡ የወፉም የቢራቢሮውም ዓይነት ይበዛል።

መጀመሪያ የገባነው ኮረብታ ላይ ተሰልፎ ወደ ተተከለው የፈረንጅ ጥድ ነበር። እንዲህ ያሉት ደኖች ብዙዎቹ በደርግ ዘመን በተራቆቱ ተራሮች ላይ የተተከሉ ናቸው። ሲያዩት ያምራል፤ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ሽታው ደስ የሚል ነው። ውስጡ ግን ጨለማ ነው፤ መሬቱም በደረቀ ቅጠል ተሸፍኖ ሣር እንኳ አይታይበትም። ሩብ ሰዓት ያህል ሄደን የሰማነው ከሩቅ የሚመጣ የዋነስ ድምፅ ብቻ ነበር። ከልጆቹ አንዱ "ወፎቹ የት ሄዱ?" ብሎ ጠየቀን።

ጥያቄው ተገቢ ነበርና ወደ ዳር ወጥተን መልሱን በእጃችን ይዘን አሳየናቸው። ጥድ ስንል ሁለቱን በአንድ ስም እየጠራን ነው። የፈረንጁ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ ፍሬው እንደ እንጨት የጠነከረ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቀጫጭን ዘር ያፈሳል። የአገራችን ጥድ ፍሬ ግን ለስላሳ ነው። መጀመሪያ አረንጓዴ ይሆንና ሲበስል ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይለወጣል፤ በላዩም ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አለው። በጣት ሲጫኑት ይፈርጣል። ወፍ የሚፈልገው ይህን ነው። ወፉ ፍሬውን ይውጥና ዘሩን ሌላ ቦታ ከኩሱ ጋር ይጥለዋል፤ ጥዱ የሚራባው በዚህ መንገድ ነው። አንዳንዱ የአገር ጥድ ምንም ፍሬ ባይኖረው አይግረማችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸውና ወንዱ ፍሬ የለውም።

ከዚያ አልፈን ወይራና የአገር ጥድ ተቀላቅለው ወደሚገኙበት አንድ የመቃብር ቦታ ደረስን። ልዩነቱን ለመናገር ዓይን አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ጋጋኖዎች እየጮኹ ተነሡ። ግንደ ቆርቁር ደረቅ ቅርንጫፍ ይመታል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ አፈ ትልቁ ቁራ ከላይ ያልፋል። ከጥዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ፍሬ ትለቅማለች፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። ጋጋኖ፣ ይህ ቁራና ይህች በቀቀን መኖሪያቸው ኢትዮጵያና ኤርትራ ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው እነርሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ የኛ ልጅ ግን ስማቸውን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

በእርሻው ዳር ያለውም አይናቅ። በበጋ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ የምናልፈው አንድ ትንሽ ወፍ ክረምት ሲገባ ጥቁር ይለብሳል፤ ረጅም ጅራትም ያወጣል፤ ሴቷን ለመሳብ ነው። የእሬት አበባ ባለበት ደግሞ ምንቃሩ ቀጭንና ጎባጣ የሆነ ጥቁር የሚመስል ወፍ ይገኛል። ፀሐይ ስታርፍበት ጥቁርነቱ ጠፍቶ ሐምራዊና ናስ የመሰለ ይሆናል። ፈረንጆች በሳይንሳዊ ስሙ ያወጡለት በተከዜ ወንዝ ስም ነው።

ቢራቢሮ እንደ ወፍ ማለዳ አይነሣም። ፀሐይ ክንፉን ካላሞቀችለት መብረር ስለማይችል በክረምት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ መጠበቅ ነው። በጨለማው የፈረንጅ ጥድ ውስጥ አትፈልጉት፤ ፀሐይም አበባም አያገኝም። አበባው ለቢራቢሮው ነው፤ ለአባጨጓሬው ግን የተወሰነ ቅጠል ያስፈልገዋል። አረም የምንለው ቁጥቋጦ ሲጠፋ ቢራቢሮውም አብሮ የሚጠፋው ስለዚህ ነው።

በኮሸሽላ ላይ የሚያድገው ብርቱካናማ ቢራቢሮ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሰሐራን አቋርጦ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል የሚመላለስ መንገደኛ ነው። ክብደቱ ከወረቀት ቁራጭ የማይበልጥ ፍጥረት ይህን ሁሉ በረሃ ያልፋል፤ ሱብሐነላህ! በቆላው ደግሞ ወተት የሚያፈሰውን መርዛማ ቅምቦ የሚበላ አባጨጓሬ አለ። መርዙን በሰውነቱ ያከማቸዋል፤ ቢራቢሮ ሆኖም መርዙ አብሮት ይኖራል። አንድ ጊዜ የቀመሰው ወፍ ሁለተኛ አይደርስበትም። መርዝ የሌላት የሌላ ዓይነት ሴት ቢራቢሮ ደግሞ የእርሱን መልክ ይዛ በስሙ ትድናለች።

በመመለሻችን ላይ የላስቲክ ወንጭፍ የያዙ ልጆች አጋጠሙን። ክረምት ብዙ ወፎች የሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ እናቲቱ ስትመታ ጎጆ ውስጥ ያሉት ጫጩቶችም በረሃብ ያልቃሉ። አልተቆጣናቸውም። ሰሐቦች በመንገድ ላይ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶችን ወስደው፣ እናቲቱ ክንፏን እያማታች ስትዞር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት ያዘዙበትን፣ አቡ ዳውድ የዘገቡትን ታሪክ ነገርናቸው። አንዱ ወንጭፉን ኪሱ ከተተ፤ ሌላው ግን ጥሎን ሄደ። እንዲህ ነው የሚሆነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ማስተማራቸውም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ታዲያ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል፣ የምንተክለው ወፍ የሚበላው ነው ወይ ብለን መጠየቅ አለብን። የፈረንጅ ጥድ ወይም ባሕር ዛፍ የተከለ ምንዳ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ፈትዋ መስጠት የኛ ድርሻ አይደለም። የጋይንትና የእስቴ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው፣ ቤቱን የሚሠራው በባሕር ዛፍ መሆኑንም እናውቃለን። ባሕር ዛፉ ይሁን፤ ዳር ዳሩን ግን ጥቂት ወይራ፣ ጥቂት የአገር ጥድ ይጨመርበት። የአገር ጥድ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ጥላው ለልጅ ልጅ ይደርሳል።

የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያደረጉት ጥናት ይረዳል። በእነዚህ ደኖች ብቻ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። በዙሪያቸው ያለው መሬት እርሻና ግጦሽ ነው። የኛም የመቃብር ቦታዎች በየአካባቢው እንዲህ ያለ ቅሪት ይዘዋል። አጥር ለማጠርና ለማጽዳት በሚል ምክንያት ሥሩ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ የሚመነጥሩ ጀመዓዎች አሉ፤ ቢቻል መንገዱን ብቻ ጠርገው ሌላውን ይተዉት። ከብት ግን አይግባበት፤ የበቀለውን ችግኝ ይጨርሰዋል።

ለመውጣት የምታስቡ ቤተሰቦች ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሡ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ወፍ፣ ከዚያ ቢራቢሮ ታያላችሁ፤ ለዙህር ቤት ትደርሳላችሁ። ደማቅ ልብስ አታልብሷቸው፤ ቁጭ ብሎ ዝም ማለትን አስለምዷቸው። መብረቅ ካለ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

እግሩ የደከመ ወይም ሕመም ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ በጓሮ ያለው ሎሚ ይበቃዋል። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካየ ቀረብ ብሎ ይመልከተው፤ የትልቁ ቢጫና ጥቁር ቢራቢሮ አባጨጓሬ ሊሆን ይችላል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በሣር ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ከራሱ ላይ ሽታ ያለው ብርቱካናማ ቀንድ ያወጣል። ሎሚው ገና ችግኝ ከሆነ አንሥታችሁ ወደ ትልቁ ዛፍ አዛውሩት፤ ትልቅ ከሆነ አንድ ቅርንጫፍ ተዉለት። ልጁ በየቀኑ እየሄደ ያየው፤ ራሱን በክር አስሮ እስኪደርቅ፣ ከዚያም አንድ ቀን ጠዋት ቆዳው ተሰንጥቆ እርጥብ ክንፍ እስኪወጣ ድረስ።