ማማሰያው ነፋስ

ከማጂዋ ቱም ከተማ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይክሎን የሚባለው የባሕር አውሎ ነፋስ ማጂ ድረስ አይመጣም፤ የብስ ከረገጠ በኋላ ስንቁ ይቋረጥበታል። ስንቁ የሞቀ ውሃ ነውና።

የጀበና እንፋሎት ጣት እንዴት እንደሚለበልብ ቡና የሚያፈላ ሁሉ ያውቃል። እንፋሎቱ ጣት ላይ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የተሸከመውን ሙቀት እዚያው ይለቃል። ባሕር ላይም እንዲሁ ነው፦ እንፋሎቱ ሽቅብ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀቱን ይለቃል፣ የሞቀው አየር ይነሳል፣ በቦታው ሌላ አየር ይሳባል፣ ነፋሱ ይበረታል። የበረታው ነፋስ ደግሞ ሌላ እንፋሎት ያነሳል። ለዚህ የባሕሩ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል መሞቅ አለበት።

ግን የገጹ ሙቀት ብቻውን አይበቃም። በርሜል ሙሉ ውሃ ፀሐይ ላይ አውለው ክንድዎን ይክተቱበት፤ ላዩ ለብ ብሏል፣ ታቹ ቀዝቃዛ ነው። በእንጨት ቢያማስሉት የላዩ ሙቀት ይጠፋል። ሳይክሎንም ባሕሩን ያማስላል። የሞቀው ውሃ ስስ ከሆነ ቀዝቃዛውን ከሥር አውጥቶ የገዛ ስንቁን ያበላሻል፤ ሳይክሎኑ ባለፈበት መንገድ የቀረውን ቀዝቃዛ ዱካ ሳተላይት ያያል። አንድ ቦታ ከዘገየማ ፈጥኖ ይደክማል። ሙቀቱ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ታች ከወረደ ግን ቢያማስልም የሚወጣለት ሙቅ ውሃ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ገብቶ ዝናቡ እስከ ሶማሌ ክልላችን ደርሷል። በሳምንቱ ሜኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ደግሞ ሉባን የዓረብን በረሃ አራሱት። አሸዋው ለመለመ፣ አንበጣ ተራባበት፤ በ2012 እና በ2013 የገበሬዎቻችንን ማሳ የበላው የዚያ መንጋ ዘር ነው። የደረሰ ማሽላ በአንድ ከሰዓት ሲጋጥ ያየ ሰው መነሻውን ማወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ አርጎ የሚባሉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች እስከ 2,000 ሜትር ጠልቀው በየ10 ቀኑ ብቅ እያሉ የውሃውን ሙቀት በሳተላይት ይልካሉ። ነፋሱ ገና ሳይነሳ ስንቁ ይለካል።