ጉንፋን የመሰለው በሽታ ልብን ሲነካ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ «ኢኮ» ስለሚባለው ምርመራ ነው።

ኮቪድ-19 እና ኢንፍሉዌንዛ የመተንፈሻ አካል በሽታዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ የልብን ጡንቻ ይጎዳሉ። ኮቪድ ሲጠና ደግሞ ደም ሊያረጋ ይችላል። የረጋው ደም የሳንባን ደም ሥር ከዘጋ፣ የልብ ቀኝ ክፍል ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ይሰፋል፤ ይደክማል።

ስለዚህ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ «ብርድ መትቶኝ ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ትንፋሽ ማጠር ከሳንባም ከልብም ሊመጣ ይችላል፤ ሕክምናውም ይለያያል። ለምሳሌ ልቡ ለደከመ ሰው ብዙ ግሉኮስ መስጠት ሊጎዳው ይችላል። ኢኮ ልብ ደምን በምን ያህል ጉልበት እንደሚረጭ፣ በዙሪያውም ውኃ መቋጠር አለመቋጠሩን ለሐኪሙ ያሳያል።

ምርመራው አያምም፤ ጨረርም የለውም። ደረት ላይ ቅባት ተቀብቶ በድምፅ ሞገድ ይታያል። ነፍሰ ጡር እናትም ያለ ስጋት ትመረመራለች። ቫይረሱን ግን አያሳይም፤ ለዚያ ከአፍንጫ ናሙና ይወሰዳል። ለሁሉም ታማሚ አይታዘዝም።

የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የእግር እብጠት ወይም በጀርባ መተኛት አለመቻል ካለ ዛሬውኑ ወደ ክሊኒክ ኑ። ቀድሞ የልብ ሕመም ያለበትም ይናገር። ሪፈር ሲጻፍላችሁ «ይህ ለሞት የተቃረበ ሰው ምርመራ ነው» ብላችሁ ወረቀቱን ቤት አታስቀምጡ። ኢኮ የሚታዘዘው ትክክለኛውን ሕክምና በጊዜ ለመስጠት ነው።